መንገዶቹ የተዘጉበት ዘመቻ፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት 1983

የአማፂዎቹ ግንባር ኢሕአዴግ ዘመቻ ቴዎድሮስ ያለውን ጥቃት የካቲት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. በጎንደርና በጎጃም ሲከፍት ደርግ ሥልጣን ከያዘ 17 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ሦስት ወር ከጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ግንቦት 20 ቀን ጠዋት፣ የአማፂው ታንኮች ከካዛንቺስ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ወደሚገኘው ታላቁ ቤተ መንግሥት ደረሱ። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ሦስት ተከታታይ ዘመቻዎች ተካሂደዋል። የመጀመሪያው ቴዎድሮስ፣ ሁለተኛው በወለጋ የተካሄደው ዱላ ቢሊሱማ ወልቂጡማ፣ ሦስተኛው ደግሞ ወሎን ይዞ እስከ አዲስ አበባ የዘለቀው ዋለልኝ ይባላል። በአህጉሩ ካሉ ታላላቅ ሠራዊቶች አንዱ የፈረሰው በእነዚህ ወራት ነው።

ዘመቻው ከሁሉ አስቀድሞ የመንገድ ጦርነት ነበር። በጎጃም፣ በወለጋና በወሎ የሚመጡት አውራ ጎዳናዎች በየተራ ሲዘጉ የዋና ከተማው ዕጣ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ላይ ጥይት ከመተኮሱ በፊት ተቆርጧል። አዲስ አበባ እንደ ሞቃዲሾ ሳትፈርስ፣ እንደ ሞንሮቪያም ለዓመታት ሳትከበብ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው።

ሠራዊቱ ከውስጥ እንዴት እንደተቦረቦረ

የ1983 ሽንፈት በ1983 አልተጀመረም። መጋቢት 1980 የኤርትራው አማፂ ሻዕቢያ አፍአበት ላይ የናደው ዕዝን ደመሰሰ። ታንኩ፣ መድፉና ቢኤም የሚባለው የሮኬት መተኮሻ በብዛት በአማፂው እጅ ወደቀ። የካቲት 1981 ደግሞ ሽሬ እንዳሥላሴ ላይ 604ኛው ኮር ሲደመሰስ መንግሥት መቀሌን ጨምሮ ትግራይን በሙሉ ለቅቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ የትግራዩ አማፂ ሕወሓት ከጀርባው የሚያሰጋው ጦር አልነበረም፤ ከመንግሥት ጦር የማረከውን ከባድ መሣሪያም መልሶ በመንግሥት ጦር ላይ ማዞር ቻለ። ከሁለቱ ውጊያዎች በኋላ አማፂዎቹ የደፈጣ ተዋጊ ብቻ መሆናቸው አበቃ። ታንክና መድፍ ያለው፣ በክፍለ ጦር ደረጃ የሚንቀሳቀስ ሠራዊት ሆኑ።

ሠራዊቱን ይበልጥ የጎዳው ግን በገዛ መንግሥቱ የወረደበት ነው። ግንቦት 8 ቀን 1981 ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ለጉብኝት ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንደሄዱ ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው በአዲስ አበባም በአስመራም ከሸፈ። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ራሳቸውን ሠዉ። በኤርትራ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አስመራ ላይ ተገደሉ። ከተያዙት ጄኔራሎች አሥራ ሁለቱ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 1982፣ በሞት ተቀጡ። ሐረር ጦር አካዳሚና ሆለታ የተማሩ፣ ካራማራና ኦጋዴን የተፈተኑ፣ ጦር ማንቀሳቀስ የሚያውቁ መኮንኖች በአንድ ትውልድ ታጨዱ። በቦታቸው የተሾመው ሰው የሚመዘነው በታማኝነቱ ነበር። አዛዡ ከጎኑ ያለውን የፖለቲካ ኮሚሳርና የደኅንነት ሰው እየፈራ ትእዛዝ የሚሰጥበት ጦር የቱንም ያህል ታንክ ቢኖረው በቅጡ አይዋጋም። ከ1981 በኋላ የታየው ይኸው ነው።

ተራው ወታደርስ? የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ነው። መጀመሪያ በዙር የተጠሩት ወጣቶች ነበሩ። ጦርነቱ ሰው መፍጀቱን ሲቀጥል ጥሪው አፈሳ ሆነ። ቀበሌ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ፣ ከኳስ ሜዳ ወጣቱን ያፍስ ነበር። በቂርቆስ፣ በካዛንቺስ፣ በመሿለኪያ ያሉ እናቶች ልጃቸውን ቆጥ ላይ፣ አልጋ ሥር፣ ዘመድ ቤት የደበቁበት ዘመን ነው። የታፈሰው ልጅ ጥቂት ሳምንት ሠልጥኖ ስሙን እንኳ ሰምቶ ወደማያውቀው ግንባር ይላካል። በ1983 መጋቢትና ሚያዝያ አፈሳው ዩኒቨርሲቲም ደረሰ። ትምህርት ተቋርጦ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ ተላኩ። ያ ሠራዊት ፈሪ ስለነበር ተሸነፈ የሚለው አነጋገር ፍርደ ገምድል ነው። ምፅዋ ላይ በየካቲት 1982 እስከ መጨረሻው የተዋጉት እነ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ ከዚሁ ሠራዊት ናቸው። ወታደሩ ያጣው ልብ ሳይሆን የሚሞትለትን ምክንያትና የሚያምነውን አዛዥ ነበር።

ከውጭ ደግሞ ድጋፉ ነጠፈ። የኩባ ወታደሮች መስከረም 1982 ጠቅልለው ወጡ። ምሥራቅ ጀርመን ራሷ ከካርታ ጠፋች። የጎርባቾቭ ሞስኮ የጦር መሣሪያ ስምምነቱ ጊዜው ሲያበቃ እንደማይታደስ አስታወቀች። መንግሥቱ በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ፤ ገዢው ፓርቲ ኢሠፓም ስሙን ለወጠ። ገበሬው በዚህ ምክንያት የአምራቾች ማኅበሩን አፍርሶ መሬቱን ተከፋፈለ፣ መንደር ምሥረታውንም ጥሎ ወደ ቀድሞ ቤቱ ተመለሰ። መንግሥትን ለመከላከል ግን አልተነሣም።

በአማፂው በኩልም ችግር ነበር። ትግራይ ነጻ ከወጣች በኋላ ብዙ የሕወሓት ታጋዮች የእኛ ትግል እዚህ ላይ አብቅቷል ብለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ከትግራይ ወጥቶ መዋጋት ለምን እንደሚያስፈልግ ረጅም ክርክር ተደረገ። ከኢሕአፓ ከተለዩ ታጋዮች በ1973 የተመሠረተው ኢሕዴን በ1981 ከሕወሓት ጋር ኢሕአዴግን መሥርቶ ነበርና ወደ ጎንደር፣ ወሎና ጎጃም የሚያስገባውን በር የከፈተው እርሱ ነው። ኦሕዴድ በ1982 ተጨመረ። የዘመቻዎቹ ስሞችም በዚህ ስሌት የወጡ ናቸው። ለጎንደር የቋራው ካሳ ዓፄ ቴዎድሮስ፣ ለወለጋ በኦሮምኛ ነጻነትና እኩልነት፣ ለወሎ ደግሞ በኅዳር 1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር የተገደለው የተማሪዎች ንቅናቄ መሪ ዋለልኝ መኮንን።

ጎጃም፣ ወለጋ፣ ወሎ

ዘመቻ ቴዎድሮስ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባሕር ዳርና ጎንደር ተያዙ፤ ጎጃምም በደብረ ማርቆስ በኩል ተለቀቀ። ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፣ ነገር ግን በጦርነቱ ካርታ ላይ ቁልፍ ቦታ ነበረች። እርሷ ስትወድቅ ጎንደር ያለውን ጦር ከዋና ከተማው የሚያገናኘው መንገድ ተቆረጠ። ስንቅ፣ ነዳጅና ጥይት የማይደርሰው ጦር ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ እጅ መስጠት ወይም ወደ ሱዳን መሻገር። ብዙው ከሁለቱ አንዱን አደረገ።

ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚያመራው ቀጥተኛ መንገድ በደጀን በኩል የአባይን በረሃ ወርዶ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ጥቂት ጦር ከበረሃው አፋፍ ሆኖ ብዙ ሊያቆም የሚችልበት ቦታ ነው። ኢሕአዴግ ዋና ኃይሉን በዚያ በኩል አላፈሰሰም። ወደ ምዕራብ ዞሮ፣ አባይን ተሻግሮ፣ ወለጋ ገባ። መጋቢት መገባደጃ አካባቢ ነቀምቴ ተያዘች። ይህ ውሳኔ ከዘመቻው ሁሉ ብልሃት የታየበት ነው ማለት ይቻላል። መንግሥት ዓይኑን በሰሜን ተክሎ ሳለ ጦርነቱ በምዕራብ በር ብቅ አለ። ለሸዋ ጥበቃ የተሰለፈው ጦር በሰሜን በደሴ፣ በምዕራብ በአምቦ መስመር ተከፍሎ መቆም ግድ ሆነበት። አምቦ ከአዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ የዋና ከተማው ሕዝብ ጦርነቱን በመኪና የሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ አድርጎ ማሰብ ጀመረ።

በዚህ መካከል ፖለቲካው ለመቅደም ሞከረ፣ አልደረሰም። ብሔራዊው ሸንጎ ተሰብስቦ የሰላም ሐሳብ አቀረበ። ሚያዝያ ላይ የውጭ ጉዳይ ሰው የነበሩት ተስፋዬ ዲንቃ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልዩ መልእክተኛ ሩዲ ቦሽዊትዝ አዲስ አበባ መጥተው ተነጋገሩ። ለንደን ላይ የሰላም ጉባኤ ለግንቦት 19 ተቀጠረ። ቀጠሮው ለአንድ ወገን ብቻ ጠቃሚ ነበር። እያንዳንዱ ያለፈ ቀን አማፂውን ወደ አዲስ አበባ ያስጠጋ ነበርና።

ሦስተኛው ዘመቻ የተነሣው በግንቦት ነው። ዋለልኝ ያነጣጠረው ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ የሰፈረው ሦስተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ላይ ነበር። ኮምቦልቻ የሁለት መንገዶች መጋጠሚያ ናት። አንደኛው አስመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው የሰሜኑ አውራ ጎዳና ነው፤ ሁለተኛው በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ ይወርዳል። የአገሪቱ የነዳጅ ማጣሪያና ዋና ወደብ የነበሩት አሰብ ላይ ነው። መሿለኪያ ያለው ጋራዥም፣ ካዛንቺስ ያለው ዳቦ ቤትም፣ ግንባር ያለው ታንክም ነዳጁን የሚያገኘው ከዚያው ማጣሪያ ነበር። ኮምቦልቻ ስትያዝ አዲስ አበባ ከዋናው የባሕር በሯ ተቆረጠች። ሻዕቢያ በዚሁ ዘመቻ ሜካናይዝድ ክፍሎቹን ልኮ ከኢሕአዴግ ጎን አሰልፏል። ከደሴ በኋላ ያለው ትልቁ የተፈጥሮ ምሽግ ጣርማ በር ነው፣ ጣልያን ዋሻ የቆፈረበት ገደል። በሥርዓት የሚያፈገፍግ ጦር ቢኖር እዚያ ላይ ሳምንታት ማቆየት ይቻል ነበር። ነገር ግን ያፈገፈገው ጦር በየመንገዱ ተበትኖ ነበር፤ የደብረ ብርሃን መንገድም ተከፈተ።

ስምንቱ ቀናት

ግንቦት 13 ቀን ማክሰኞ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ብላቴ ያሉትን ሠልጣኞች ለመጎብኘት በሚል ከቦሌ ተነሡ። አውሮፕላኑ ብላቴ አላረፈም፣ ናይሮቢ ገባ፤ ከዚያም ወደ ሐራሬ። በሬዲዮ ከሥልጣን መልቀቃቸው ሲነገር ግንባር ላይ የነበረው ወታደር ከተራ ነጋዴ ጋር እኩል ሰማ። እስከ አንድ ሰውና አንድ ጥይት ድረስ እንዋጋለን ሲሉ የከረሙ ሰው፣ የብዙ መቶ ሺህ ወታደር ጠቅላይ አዛዥ፣ ለጦር አዛዦቻቸው አንዲት መመሪያ ሳይተዉ ሄዱ። ከሁሉም የጦርነቱ ክስተቶች ለዚህ ይቅርታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት የሆኑት ተስፋዬ ገብረ ኪዳን በስምንት ቀን ውስጥ ብዙ ነገር ሲያልፍባቸው ታይቷል። የፖለቲካ እስረኞች ተፈቱ። ግንቦት 15 በአፍሪካ አዳራሽና በሒልተን መካከል ባለው አደባባይ የቆመው የሌኒን ሐውልት ከመሠረቱ ተነቅሎ ወረደ። ሐውልቱ የአዲስ አበባ ሰው በየቀኑ በአውቶቡስ የሚያልፍበት ነበር፣ ወደ ቦሌ የሚራመድ ይመስል አንድ እግሩን ወደፊት ያደረገ። ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ አየ። በማግስቱ ግንቦት 16 ሻዕቢያ በደቀምሐረ ግንባር ጥሶ አስመራ ገባ። አብዛኛው የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት በቀረው መንገድ በምዕራብ ወደ ሱዳን ጎረፈ። በዚያው ቀን የእስራኤል አውሮፕላኖች ቦሌ ማረፍ ጀመሩ። በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ ቴል አቪቭ ተጓጓዙ። ወንበራቸው የተነቀለ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ አንዱ ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ጭኗል። አሰብም በማግስቱ በሻዕቢያ እጅ ገባች።

የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ የመን፣ ጂቡቲና ሳዑዲ ዓረቢያ ቀዘፉ። ከአየር ኃይሉም አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ይዘው ወደ ጎረቤት አገር የበረሩ አሉ።

በአዲስ አበባ መንገዶች የታየው ደግሞ የወታደሩ ጎርፍ ነበር። ከአምቦ፣ ከደሴ፣ ከደብረ ብርሃን መስመር የተበተነው ጦር በእግሩ ከተማ ገባ። እግሩ አብጦ፣ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ደጃፍ፣ አብዮት አደባባይ ጥግ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተኛ። ክላሽንኮቩን ለምሳና ለመሳፈሪያ በርካሽ የሸጠ ነበር። የሲቪል ሱሪና ሸሚዝ በጠመንጃ የለወጠም ነበር። ሰዓት እላፊ በታወጀበት ከተማ ውስጥ መሣሪያ የያዘና የሚበላው የሌለው ብዙ ወታደር ሲኖር ዝርፊያና ግድያ የሚጠበቅ ነገር ነው። የሆነው ከተፈራው እጅግ ያነሰ ነው። ለዚህ የሚመሰገነው ማንም ባለ ሥልጣን አይደለም። ቆሎና ዳቦ ያካፈለው፣ አሮጌ ልብስ ከሣጥኑ ያወጣው፣ የእኔም ልጅ የት ወድቆ ይሆን ብሎ የማያውቀውን ወታደር ያስጠለለው የሰፈር ሰው ነው።

ግንቦት 19 ለንደን ላይ የአሜሪካው ረዳት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኸርማን ኮኸን ወገኖቹን ሰበሰቡ። በመንግሥት በኩል ተስፋዬ ዲንቃ፣ በኢሕአዴግ መለስ ዜናዊ፣ በሻዕቢያ ኢሳያስ አፈወርቂ፣ በኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) ሌንጮ ለታ ተገኝተዋል። የሚደራደሩበት ጉዳይ ግን በዚያው ዕለት አበቃ። ተስፋዬ ገብረ ኪዳን አዲስ አበባ ላለው የአሜሪካ ኤምባሲ ጉዳይ ፈጻሚ ለሮበርት ሁዴክ ጦሩን መቆጣጠር እንዳልቻሉ አስታወቁ። ኮኸንም ሥርዓት አልበኝነት እንዳይነግሥ ኢሕአዴግ ወደ ከተማዋ ቢገባ ይሻላል ብለው በይፋ ተናገሩ። ተስፋዬ ዲንቃ ተቃውመው ከድርድሩ ወጡ። ይህ ምክር እስከ ዛሬ ያከራክራል። አሜሪካ አገሪቱን ለአማፂ አስረከበች የሚል ወገን አለ፤ ከተማዋን ከደም አዳነች የሚልም አለ። በወቅቱ ከተማዋን የሚከላከል የተደራጀ ጦር ስላልነበረ ምክሩ ውጤቱን አልቀየረም። የቀየረው መግቢያውን ነው።

የግንቦት 20 ጠዋት

ታላቁ ቤተ መንግሥት ዳግማዊ ምኒልክ የሠሩት ግቢ ሲሆን ከታች ካዛንቺስን፣ ከጎኑ ሒልተንን፣ ፊት ለፊቱ የፍልውሃን ሸለቆ ይዞ ይገኛል። ደርግ የተወለደው ከዚህ ብዙ ሳይርቅ፣ መሿለኪያ አጠገብ ባለው የአራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ሰኔ 21 ቀን 1966 ነበር። ሥልጣን ሲይዝ ወደ ኮረብታው ወጣ። ጥር 26 ቀን 1969 የደርጉ ሊቀ መንበር ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ ባንቴና ጓዶቻቸው የተገደሉት በዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለ14 ዓመት ግቢው የመንግሥቱ መኖሪያና ምሽግ ሆኖ ቆየ። ጥበቃውን የያዘው የቤተ መንግሥት ልዩ ጦር በደመወዝም በመሣሪያም ከሌላው የተሻለ ነበር። ስለዚህ ከተማዋ ውስጥ ብርቱ መከላከል የታየው እዚያ መሆኑ አያስገርምም።

ጎሕ ሲቀድ ታንኮቹ በተለያዩ በሮች ገቡ። ለብዙው ሰፈር የመጀመሪያው ምልክት የሰንሰለት ድምፅና የሩቅ ተኩስ ነበር፣ ቀጥሎም ከቤተ መንግሥቱ በኩል የመድፍ ፍንዳታ። ሒልተን ያረፉት የውጭ ጋዜጠኞች ውጊያውን ከሆቴላቸው ሆነው አዩት። ካዛንቺስ ላይ በጣልያን ጊዜ የተሠሩት ባለ ድንጋይ ቤቶችና ከዚያ በኋላ የተጨመሩት የጭቃ ቤቶች መስኮታቸው እየረገፈ፣ ቆርቆሯቸው እየተንቀጠቀጠ አነጉ። ሰው መሬት ላይ ተኛ፣ ልጆቹን ከግድግዳ አራቀ፣ ጸለየ። በግቢው ውስጥ የነበረ ጥይት በእሳት ተያይዞ ሲፈነዳ ከውጊያው ይልቅ ያስፈራው እርሱ ነበር። ተኩሱ በጥቂት ሰዓታት ጋብ አለ። ተበታትነው የቀሩ ወታደሮች በአንዳንድ ሰፈር እየተኮሱ ቆዩ እንጂ የተደራጀ ውጊያ አልነበረም። ሬዲዮውም በአዲሶቹ ገዢዎች እጅ ገብቶ ስለ ደርግ ሥርዓት መውደቅ ተናገረ።

ተኩሱ ሲበርድ ሰው ከግቢው ብቅ ብሎ ያያቸው ታጋዮች ከጠበቀው የተለዩ ነበሩ። ብዙዎቹ ከአሥራዎቹ ዕድሜ ያልዘለሉ፣ ጎፈሬያቸውን ያሳደጉ፣ ቁምጣ የለበሱ፣ በረባሶና የላስቲክ ጫማ የተጫሙ ልጆች ናቸው። መካከላቸው ሴቶች አሉ። ፎቅ፣ የትራፊክ መብራት፣ አሳንሰር አይተው የማያውቁ ብዙ ነበሩ። ውኃ ሲጠይቁ እማማ፣ አባባ እያሉ ነው። የከተማው ሰው በፍርሃትም በመገረምም አያቸው። በሁለቱም ወገን የተሰለፉት ልጆች አንድ ዓይነት ከሲታ ገጽ ነበራቸው።

ከደርግ ከፍተኛ ባለ ሥልጣናት አራቱ ማለትም ተስፋዬ ገብረ ኪዳን፣ ኤታማዦር ሹሙ ሌተና ጄኔራል አዲስ ተድላ፣ ብርሃኑ ባየህና የቀድሞው ተጠባባቂ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይሉ ይመኑ የጣልያን ኤምባሲ ገብተው ጥገኝነት ጠየቁ። ሁለቱ እዚያው ግቢ ሳሉ ሞቱ። የቀሩት ሁለቱ፣ አዲስ ተድላና ብርሃኑ ባየህ፣ ከኤምባሲው ግቢ ሳይወጡ 29 ዓመት ከኖሩ በኋላ በታኅሣሥ 2013 በአመክሮ ተለቀቁ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ተከሰው በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ፤ በ1999 የዕድሜ ልክ እስራት፣ በይግባኝ ደግሞ ግንቦት 2000 የሞት ፍርድ ተወሰነባቸው።

ከውጊያው በኋላ

ጦርነቱ ቢያበቃም ሞቱ ወዲያው አላቆመም። በተከታዮቹ ቀናት የለንደኑን ውሳኔና አሜሪካን የሚቃወሙ ሰልፈኞች አደባባይ ወጡ። ታጋዮቹ ተኩሰው ሰው ገደሉ። ግንቦት 27 ንጋት ላይ ንፋስ ስልክ አካባቢ የነበረ ትልቅ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። በዙሪያው የነበሩ ቤቶች ጠፉ፣ ብዙ ሰው ሞተ። ፍንዳታውን ሊቀርጹ ከሄዱት መካከል ኬንያዊው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ሕይወቱ አለፈ። ካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን አንድ እጁን አጣ። በ1977 ኮረም ላይ የተነሣውን የረሃብ ፊልም ለዓለም ያሳየው እርሱ ነው።

ከሁሉም ከባዱ የሠራዊቱ ጉዳይ ነበር። ከአስመራ፣ ከደሴ፣ ከነቀምቴ፣ ከጎንደር የተበተኑት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች የሚያሰናብታቸው አዛዥ፣ የሚመዘግባቸው መዝገብ አልነበራቸውም። አዲሱ መንግሥት ሠራዊቱን እንዳለ በተነው፣ በቦታውም የኢሕአዴግ ጦር የአገር መከላከያ ሆነ። ከመኮንኖቹ ብዙዎች ተሐድሶ በተባለ ካምፕ ሰነበቱ። የአገር ሠራዊት ከመንግሥቱ ጋር አብሮ እንዲፈርስ መደረጉ ከ1983 ውሳኔዎች ሁሉ ዋጋው የከበደ ነው። የሰለጠነ አብራሪ፣ የመርከብ መሐንዲስ፣ የመድፍ ባለሙያ በአንድ ቀን ሥራ አጥ ሆነ፤ ከፊሉ በየመንገዱ ለመነ፣ ከፊሉም ጎረቤት አገር ስደተኛ ካምፕ ገባ። እነዚህ ሰዎች የአንድ ፓርቲ ንብረት አልነበሩም። አብዛኞቹ ከአባታቸው ማሳና ከቀበሌያቸው ታፍሰው የሄዱ የገበሬና የድሃ ልጆች ነበሩ።

ከሰኔ 24 እስከ 28 ቀን 1983 በአፍሪካ አዳራሽ የሰላምና የዴሞክራሲ የሽግግር ጉባኤ ተካሄደ። አዳራሹ ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው፤ ከወር በፊት የሌኒን ሐውልት ከተነቀለበት ቦታም ጥቂት እርምጃ ይርቃል። ጉባኤው 20 አንቀጽ ያለው የሽግግር ቻርተር አጸደቀ። 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤትም ተቋቋመ፤ ኢሕአዴግ 32፣ ኦነግ 12 መቀመጫ ያዙ። ሻዕቢያ በታዛቢነት ተቀመጠ። የመገንጠል መብት በቻርተሩ ሰፈረ፤ ኤርትራም በ1985 ሪፈረንደም አድርጋ ነጻ አገር ሆነች። ኢሠፓ ለጉባኤው አልተጠራም። ኢሕአፓና መኢሶን ያሉበት ጥምረትም አልተጠራም።